ቡናን «አብብ» የሚለው ማን ነው?

ቡና አንዴ ካበበ አበባው የሚቆየው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው። በጅማ፣ በከፋ፣ በሲዳማ ወይም በጌዴኦ በጋው ከከረረ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አንድ ደህና ዝናብ ይጥላል። በማግስቱ የሚታይ ነገር የለም። በሦስተኛውም በአምስተኛውም ቀን የለም። ሳምንቱ አልፎ ዐሥረኛው ቀን ገደማ ሲደርስ ግን ዳገቱ ነጭ ሆኖ ይነጋል። ሽታው መንገደኛውን ሳይቀር ይይዛል፤ ንቡ ይተማል። ከዚያ አበባው ጠውልጎ ቡናማ ይሆንና ይረግፋል። በሚቀጥለው ዓመት ከጀበና የሚቀዳው ነገር በአብዛኛው የሚወሰነው በነዚያ ሁለት ሦስት ቀናት ነው።

ከአበባው ይልቅ የሚገርመው ኅብረቱ ነው። የተኮተኮተው የጓሮ ቡናም፣ ከገደሉ ማዶ ሰው ያልነካው የጫካ ቡናም በአንድ ጠዋት ይፈነዳሉ። ተክል ቀን አይቆጥርም፤ ባሕረ ሐሳብ አያሰላም። ታዲያ ጊዜው መድረሱን በምን ያውቃል? መልሱን ያወቀ ሰው፣ የአየር ንብረት ለውጥና የአየር ብክለት ተክሎችን የሚያሳስቱት እንዴት እንደሆነም ወዲያው ይገባዋል።

አንድ የቡና ቅርንጫፍ በታኅሣሥ ወር ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ቅጠል ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ የተጨናነቁ ትናንሽ አረንጓዴ እንቡጦች ታገኛላችሁ። ርዝመታቸው ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በጣት ሲነኳቸው ሙጫ ነገር አላቸው፤ ይጣበቃሉ። በውስጣቸው የአበባው አካል በሙሉ ማለት ይቻላል ተሠርቶ አልቋል። ነገር ግን እዚያው ላይ ቆመዋል፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት አያድጉም፣ አይረግፉም፣ አይከፈቱም። ተኝተዋል።

ከዚህ እንቅልፍ የሚያስነሳቸውን ነገር በሙከራ ያሳየው ፓውሎ አልቪም የተባለ ብራዚላዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ውጤቱ በ1960 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ወጣ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሙከራው ቀላል ነበር፤ አንዳንዶቹን የቡና ተክሎች ውሃ ሳያቋርጥ አጠጣቸው፣ ሌሎቹን ደግሞ እስኪጠሙ ድረስ ትቷቸው ኋላ አጠጣቸው። ውሃ ያልተቋረጠባቸው እንቡጦች እንደተኙ ቀሩ። የተጠሙት ግን ውሃ ሲያገኙ አበቡ። ቡና ከዝናቡ በፊት ጥማቱንም ይጠብቃል ማለት ነው። ጥማት ያልቀደመው ዝናብ አያነቃውም።

ከውስጥ የሚሆነው በአጭሩ እንዲህ ነው። በድርቁ ጊዜ በተክሉ የውሃ ቱቦዎች ውስጥ ያለው ውሃ ይወጠራል፤ ዕድገትን የሚይዙ ሆርሞኖችም እንቡጡን እንዳሰሩት ይቆያሉ። ዝናብ መጥቶ ውሃው ሲመለስ እንቡጡ ውሃ ይስባል፤ ጅብሬሊን የተባለው የዕድገት ሆርሞን ይጨምራል፤ ሴሎቹም ይለጠጣሉ። ከዝናብ ጋር የሚመጣው ድንገተኛ ቅዝቃዜም ያግዛል። እንቡጡ ከአረንጓዴነት ወደ ነጣ ያለ መልክ ይለወጥና በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ እጥፍ ይረዝማል። ዝናቡ ከባድ መሆን የለበትም፤ መሬቱን በደንብ ካረሰረሰ ይበቃል።

የሚጠብቅበት ምክንያት አለው። የቡና ፍሬ ከአበባ እስከ ቀይ እሸት ለመድረስ ሰባት፣ ስምንት፣ ደጋ ላይ ዘጠኝ ወር ይፈልጋል። በበልጉ መግቢያ ያበበ ቡና ክረምቱን ሙሉ ውሃ እየጠጣ ፍሬውን ይሞላል። የሚቀላው ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ሲጠራ ነው፤ ለመልቀምም፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ዘርግቶ ለማድረቅም ያመቻል። ይህ ሥርዓት ለብዙ ሺህ ዓመታት በጫካው ውስጥ የተፈተነ ነው። የሚሠራው ግን ምልክቶቹ በየተራቸው ሲመጡ ብቻ ነው።

ለምን ዝናብ? ለምን ሌላ ምልክት አልመረጠም? የመረጠው እዚህ ጎላ ያለው ምልክት እሱ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። የቡናው አገር ከዚያም ወደ ደቡብ ይወርዳልና ልዩነቱ ያንሳል። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ዋሽንግተን ግን 39ኛው ዲግሪ ላይ ናት፤ እዚያ ልዩነቱ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። የዋሽንግተን ዛፍ ወሩን ከቀኑ ርዝመት መገመት ይችላል። የከፋ ዛፍ ግን በዚያ ቢመራ ብዙ አይጠቀምም።

ቡና የቀኑን ርዝመት ጨርሶ አያይም ማለት ግን አይደለም። በ1950ዎቹ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት አረቢካ ቡና የአበባ እንቡጥ የሚሠራው ቀኑ ከ13 ሰዓት ገደማ ሲያጥር ነው። በቡናችን አገር ቀኑ 13 ሰዓት ስለማይሞላ ይህ መስፈርት ዓመቱን ሙሉ እንደተሟላ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ይህችን ቁጥር ያዟት፤ መጨረሻ ላይ ሳሎን ውስጥ ላለ ቡና ትጠቅመናለች።

ተክሎች ብርሃንን እንደሚለኩ የታወቀው፣ እንደ ዕድል ሆኖ፣ ዛሬ አማርኛ በብዛት በሚነገርበት የአሜሪካ አካባቢ ነው። ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ አርሊንግተን ላይ፣ ዛሬ ፔንታጎን ባለበት አካባቢ በነበረ የመንግሥት እርሻ ይሠሩ ነበር። «ሜሪላንድ ማሞዝ» የተባለ የትምባሆ ዓይነት በበጋቸው እየረዘመ እየረዘመ ይሄዳል እንጂ አያብብም ነበር። በ1918 ተክሎቹን ከሰዓት በኋላ ጨለማ ጎጆ ውስጥ እያስገቡ በማግስቱ ጠዋት ማውጣት ጀመሩ። ቀኑ እንዳጠረ ያመነው ትምባሆ አበበ። ጽሑፋቸው በ1920 ወጣ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው ቤልትስቪል ደግሞ ሌሎች ሳይንቲስቶች ሥራውን ቀጠሉበት፤ ተክሉ በእውነት የሚለካው የሌሊቱን ርዝመት መሆኑም ታወቀ። በረጅሙ ሌሊት መካከል ለጥቂት ደቂቃ ቀይ ብርሃን ከበራ ሌሊቱ ለተክሉ አጭር ይሆንበታል፤ አጭር ቀን የሚፈልገው ዓይነት አያብብም። ይህን የሚያደርገውን የቅጠል ቀለም በ1959 አገኙት፤ ስሙ ፋይቶክሮም ነው።

እንግዲህ ተክል ወቅትን የሚያውቀው በዋናነት በሦስት ነገር ነው፤ በውሃ፣ በሙቀትና በሌሊቱ ርዝመት። የመጨረሻው በምድር ዘንበል ማለት የተወሰነ ስለሆነ አይነቃነቅም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን እየተነቃነቁ ነው። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ዝናቡን እንውሰድ። በታኅሣሥ መጨረሻ ጊዜውን ያልጠበቀ ካፊያ ጣለ እንበል። በደንብ የተጠሙትና የበሰሉት እንቡጦች ይነሣሉ፤ የቀሩት እንደተኙ ናቸው። ከዚያ ደግሞ ድርቁ ይቀጥላል። ያበበው አበባ ፍሬ ቢይዝ እንኳ ፍሬዋ የክብሪት ራስ ሳታክል በጥማት ትረግፋለች። በየካቲት ሌላ ዝናብ ይመጣል፤ ሁለተኛ አበባ። በሚያዝያ ሦስተኛ። በጥቅምት ወደ ዛፉ ስትሄዱ በአንዲት ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ እንዲሁም ዛፉ ላይ ደርቆ ጀንፈል የሆነ ፍሬ አብሮ ተሰካክቶ ታገኛላችሁ።

ይህ ለዓይን ያምር ይሆናል፤ ለገበሬው ግን ወጪ ነው። ቀይ እሸት ብቻ ለመሸጥ ወደ አንድ ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ መመለስ አለበት፤ ለለቃሚ የሚከፈለውም እንደዚያው ይበዛል። አቅም ያጣው አንድ ጊዜ ጠራርጎ ያወርደዋል፤ ጥሬው ከበሰለው ይቀላቀላል፤ ጥሬው ደግሞ ሲቆላም ሲጠጣም ያስታውቃል። ቡና ጠጥታችሁ ምላሳችሁ ላይ የሚጎመዝዝ፣ እንደ ሣር የሚል ነገር ካገኛችሁ፣ ምናልባት ጥፋቱ የቆይዋ አይሆንም።

ሌላው አደጋ ተቃራኒው ነው፤ ያልደረቀ በጋ። ዝናብ በረከት ነው ብለን ያደግን ሰዎች ይህን ለመቀበል እንቸገራለን። ነገር ግን አልቪም እንዳሳየው፣ በበጋ በየሳምንቱ ዝናብ የሚያርሰው ቡና የሚነቃበትን ጥማት አያገኝም። በመኸር የሚመጣ ዝናብም ሌላ ጣጣ አለው። በ2019 መጨረሻ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው በላይ ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካን በዝናብ ሲመታ፣ የአንበጣውን መንጋ ያራባውም ያው ርጥበት ነበር። እንዲህ ያለ ዝናብ አልጋ ላይ የተዘረጋ ቡናን ያሻግታል። ውቅያኖሱ ወዲያ ማዶ፣ አልጋው ወዲህ ማዶ፤ ግን አንድ ገመድ ነው የሚያገናኛቸው።

ሙቀቱስ? የኢትዮጵያ አማካይ የአየር ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። ለሰው ይህ ካፖርት የማያስወልቅ ልዩነት ነው። አረቢካ ግን የሚመቸው አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ያለው ጠባብ ክልል ነው። ከዚያ ሲያልፍ አንዳንዱ እንቡጥ ሳይረዝም እንደ ኮከብ ያለ ትንሽ አረንጓዴ አበባ ሆኖ ይከፈትና መክኖ ይቀራል። ፍሬ የያዘውም ቶሎ ይቀላል። ቶሎ መቅላት ደግሞ ፍሬው በደንብ የሚሞላበትን ጊዜ ያሳጥራል፤ ደጋ ላይ የበቀለ ቡና የሚወደደውም በዝግታ ስለሚበስል ነው።

ሙቀቱ የሚቀሰቅሰው ተክሉን ብቻ አይደለም። የቡና ፍሬን የሚበሳ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጥ ጥቁር ጥንዚዛ አለ። በ2009 የታተመ ጥናት የጅማን የሙቀት መዝገብ ከዚህ ጥንዚዛ ፍላጎት ጋር አነጻጽሮ አንድ ነገር አገኘ። ከ1984 በፊት ጅማ ለጥንዚዛው በጣም ስለምትቀዘቅዝ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ መጨረስ አይችልም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ለማድረስ የሚበቃ ሙቀት አግኝቷል። ቡናው በሦስት ዙር ሲያብብ ደግሞ የሚበሳ ፍሬ ለረጅም ጊዜ ዛፍ ላይ ይገኛል። የዝናቡ መዛባትና የሙቀቱ መጨመር ለየብቻ የሚታዩ አይደሉም የሚባለው እንዲህ ስለሚደጋገፉ ነው።

መፍትሔው «ወደ ላይ መውጣት ነው» ይባላል። በየ100 ሜትሩ ከፍታ አየሩ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ አንድ ዲግሪ ሙቀት የሸሸ ቡና ከ150 ሜትር በላይ መውጣት አለበት። በ2017 የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ማዕከል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ባወጡት ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይስማማ ይችላል። ቡናው ወደ ደጋው ከተዛወረና ደን ከተጠበቀ ግን ተስማሚው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችልም ያው ጥናት ይናገራል። በካርታ ላይ ይህ ደስ ይላል። መሬት ላይ ግን ያ ደጋ ባለቤት አለው፤ ገብስ አለበት፣ እንሰት አለበት፣ ከብት ይሰማራበታል። ቡና ተክሎ ለቀማ እስኪደርስ ሦስት አራት ዓመት ይጠብቃል፤ ገብሱን የነቀለ ሰው በነዚያ ዓመታት ምን ይበላል? ይህን ጥያቄ ያልመለሰ ዕቅድ ከካርታው አይወርድም ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋሽንግተን እንመለስ፤ እዚያ ዋናው ምልክት ሙቀት ስለሆነ ነገሩ ጎልቶ ይታያል። በ1912 የቶኪዮ ከተማ የላከቻቸው የቼሪ ዛፎች በየጸደዩ ሲያብቡ የአገሩ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ቀኑን ይመዘግባል። መዝገቡ ከ1921 ይጀምራል። «ሙሉ አበባ» የሚባለው 70 በመቶው የዮሺኖ ቼሪ አበባ የተከፈተበት ቀን ነው። የቼሪ እንቡጥ መጀመሪያ በክረምቱ በቂ ብርድ ማግኘት አለበት፤ ከዚያ ሙቀት ያጠራቅማል። እንደ ዕቁብ ነው፤ እያንዳንዱ ሞቃት ቀን የድርሻውን ይጥላል፣ ድምሩ ሲሞላ ዕጣው ይወጣል። ቀኖቹ ሞቃት ከሆኑ ዕቁቡ ቶሎ ይሞላል። በመዝገቡ ከሁሉ የዘገየው ቀን በ1958 ኤፕሪል 18፣ ከሁሉ የቀደመው በ1990 ማርች 15 ነው። አማካዩ ከመቶ ዓመት በፊት ከነበረው ሳምንት ያህል ቀድሟል።

መቅደሙ ምን ይጎዳል? በ2017 የታየው ይህ ነው። ፌብሩዋሪ ሞቃት ስለነበር እንቡጦቹ ተቻኩለው ወጡ፤ በማርች አጋማሽ ውርጭ መጣ፤ ሊፈነዳ የደረሰው የዮሺኖ አበባ ግማሽ ያህሉ ተቃጠለ። ሙቀቱ ሲቀድም ውርጩ አብሮት አልቀደመም። በጃፓን ኪዮቶ ደግሞ የቼሪ አበባ ቀን ከ812 ጀምሮ በቤተ መንግሥትና በገዳማት ማስታወሻዎች ተመዝግቧል፤ በ2021 ማርች 26 ሲያብብ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዓመት በላይ በዘለቀው መዝገብ እስከዚያ ድረስ ያንን የሚቀድም ቀን አልተገኘም ነበር።

ብርድ የሚፈልጉ ዛፎች በእኛም ደጋ አሉ። የጨንቻ ፖም የሚታወቅ ነው። ፖም በቂ ብርድ ካላገኘ እንቡጡ በወጉ አይነቃም፤ ስለዚህ ከውጭ የሚመጡ ብዙ ዝርያዎች እዚህ ቅጠል ብቻ ሆነው ይቀራሉ። የሚስማሙት ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው ናቸው፤ ከነዚህ አንዷ «አና» እስራኤል ውስጥ የተዳቀለች ናት። ሌሊቱ እየሞቀ ሲሄድ የጨንቻ ገበሬ የዝርያ ምርጫ እየጠበበ ይሄዳል።

አንዱ ምልክት ሲንቀሳቀስ ሌላው ባለበት ሲቆም ምን እንደሚፈጠር በጣም የሚያሳየኝ ግን የአንዲት ትንሽ ጥቁርና ነጭ ወፍ ታሪክ ነው። ወፏ ብርዱን ምዕራብ አፍሪካ አሳልፋ ለመራባት ሆላንድ ትሄዳለች። ከአፍሪካ የምትነሣው በቀኑ ርዝመት እየተመራች ነው፤ ያ አልተለወጠም። ሆላንድ ያለው የኦክ ዛፍ ግን በሙቀት ስለሚመራ ቅጠሉን ቀደም አድርጎ ያወጣል፤ ቅጠሉን የሚበላው አባ ጨጓሬም አብሮ ይቀድማል። ወፏ ደርሳ ጫጩት ስትፈለፍል አባ ጨጓሬው አልፏል። ይህ በባሰባቸው ቦታዎች ቁጥሯ በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በ90 በመቶ ገደማ መውረዱን የሆላንድ ተመራማሪዎች በ2006 አስታውቀዋል። ዛፉም አልተሳሳተ፣ ወፏም አልተሳሳተች፤ የሚያዩት ምልክት ነው የተለያየው።

እስካሁን ሌሊቱ አይነቃነቅም ስንል ነበር። ብክለት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ሌሊቱንም በመብራት ማዛባት ጀምረናል። በ1936 ማትስኪ የተባለ የኒው ዮርክ የዕፅዋት ምሁር የመንገድ መብራት አጠገብ ያሉ ዛፎች ቅጠላቸውን ከሌሎቹ ዘግይተው እንደሚያራግፉ ጽፎ ነበር። በብሪታንያ ከ1999 እስከ 2011 በተሰበሰበ መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ መብራት በሚበዛበት አካባቢ የዛፎች እንቡጥ እስከ 7.5 ቀን ቀድሞ እንደሚከፈት አሳየ። ቀድሞ የወጣ ቅጠል ለውርጭ ይጋለጣል፤ ያልረገፈ ቅጠል ደግሞ ብርዱ አረንጓዴ እንደሆነ ይደርስበታል። መብራቱ አየሩን አያቆሽሽም፤ ግን ለፋይቶክሮም የሐሰት ምስክር ነው።

የአበባ እርሻዎቻችን ይህን ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። ጂፕሶፊላ የተባለችው፣ በሠርግ እቅፍ ውስጥ በጽጌረዳ መካከል የምትሰካው ደቃቅ ነጭ አበባ፣ ረጅም ቀን ትፈልጋለች፤ የአገራችን 12 ሰዓት አይበቃትም። ስለዚህ ሌሊት አምፖል ያበሩላታል። የአዲስ አበባ አዳዲስ ጎዳናዎች ዳር በመብራት ያሸበረቁት ዛፎች ግን ሳይጠየቁ ነው አምፖል የተጠመጠመባቸው። የነዚያን ዛፎች የአበባ ቀን ጨለማ ውስጥ ካሉት ጋር እያነጻጸረ የሚመዘግብ ተማሪ ቢገኝ ጽሑፉን ለማንበብ የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ብክለት ኦዞን ነው። ከላይ ከሰማዩ ያለው ኦዞን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር ይጠብቀናል፤ ከመሬት አጠገብ የሚፈጠረው ግን መርዝ ነው። ከመኪና ጭስ የሚወጣ የናይትሮጅን ጋዝና የነዳጅ ተን በፀሐይ ሲመቱ ይፈጠራል። ወደ ቅጠሉ የሚገባው ቅጠሉ ለመተንፈስ በሚከፍታቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ገብቶ ሴሎቹን ያቃጥላል፤ ቅጠሉ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ያለ ዕድሜው ያረጃል፣ ይረግፋል። ፍሬ የሚሞላበት ጊዜ ከኋላ በኩል ይቆረጣል። በስንዴ ላይ የተሠራ አንድ የዓለም ስሌት ከ2010 እስከ 2012 በሰሜናዊው የምድር ክፍል በዚህ የተነሣ የታጣውን ምርት በአማካይ 9.9 በመቶ አድርሶታል። የሚያሳዝነው፣ በደንብ የጠጣ ተክል ቀዳዳውን ስለሚከፍት ከተጠማው የበለጠ ኦዞን ይስባል፤ ገበሬው ያጠጣው ውሃ ራሱ ለመርዙ በር ይከፍታል።

ኦዞን የአበባን ሽታም ያጠፋል። ሽታ የምንለው በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ናቸው፤ ኦዞን ይሰባብራቸዋል፤ ንቧም ሽታውን ትስታለች። አረቢካ ራሱን በራሱ ማዳቀል ስለሚችል ያለ ንብም ያፈራል፤ ሆኖም ንብ ሲጎበኘው ፍሬ አያያዙ እንደሚሻሻል በፓናማና በኢንዶኔዥያ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። አበባው የሚቆየው ሁለት ቀን ብቻ ሲሆን፣ ግማሽ ቀን ዘግይታ የምትደርስ ንብ የምታሳጣው ቀላል አይደለም።

አቧራውም አለ። በበጋ በፒስታ መንገድ ዳር ያለ ቡና ቅጠሉ ቀይ ነው፤ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር አንድ ድርብ ይጨምርበታል። አቧራው ብርሃን ይከለክላል፣ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ቅጠሉን ያሞቃል። የመጀመሪያው ዝናብ ለዚህ ቡና ከአበባ በፊት ገላ መታጠቢያ ነው።

ለፍትሕ ያህል፣ አየሩ ላይ የጨመርነው ሁሉ ተክልን ይጎዳል ማለት አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፋብሪካ ዘመን በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 280 ያህል ነበር፤ አሁን ከ420 አልፏል። ቡና ይህን ሲያገኝ ምግቡን በተሻለ ይሠራል፣ ውሃም ይቆጥባል፤ ሙቀትንም ትንሽ ይቋቋማል። መቼ ማበብ እንዳለበት ግን አይነግረውም።

ገበሬው በእጁ ያለው ትልቁ መሣሪያ ጥላ ነው። ዋንዛ፣ ብሳናና ብርብራ ሥር ያለ ቡና ቀን ላይ ገላጣ ሜዳ ካለው በጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ሌሊትም አይበርደውም። አያቶቻችን ይህን ያደረጉት ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሰምተው አይደለም፤ ጫካው ቡናውን ያሳደገው እንዲያ ስለሆነ ነው። ብራዚል ውስጥ በመስኖ የሚያለሙ ደግሞ የአልቪምን ግኝት ወደ ሥራ ለውጠውታል፤ በደረቁ ወቅት ውሃውን 70 ቀን ያህል ሆን ብለው ይዘጉና በአንድ ቀን ይለቁታል። እርሻው በአንድ ጊዜ ያብባል፤ ፍሬውም በአንድ ጊዜ ይቀላል። የእኛ አነስተኛ ገበሬ ፓምፕ ስለሌለው እንዲህ ማድረግ አይችልም፤ ፓምፕ ያለውም እንዴት እንደሚጠቀምበት የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

ሳሎን ውስጥ ማሰሮ ላይ ቡና የተከሉ ሰዎች ግን ሙከራውን ቤታቸው ሊያደርጉት ይችላሉ። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በስቶክሆልም እንዲህ ያለ ቡና «አምስት ዓመቱ ነው፣ ለምለም ነው፣ ግን አያብብም» ሲባል ትሰማላችሁ። ሁለት ነገር መጠርጠር ይቻላል። አንደኛው ፍቅር ነው፤ በየሁለት ቀኑ ውሃ የሚጠጣ ቡና አይጠማም። ሁለተኛው መብራት ነው፤ በበጋቸው ቀኑ ከ13 ሰዓት በላይ ስለሚረዝም ተክሉ እንቡጥ የሚሠራው ከመስከረም ወዲህ ቀኑ ሲያጥር ነው፤ ልክ በዚያ ወቅት እኛ ደግሞ ሳሎኑን እስከ እኩለ ሌሊት እናበራለን። ማሰሮውን ማታ ጨለማ ወደሚሆን መስኮት አዙሩት፤ ውርጭ ግን እንዳያገኘው። በቅጠሎቹ ብብት ሥር የሚያጣብቁ ትናንሽ እንቡጦች ስታዩ ውሃውን ቅጠሉ መለስለስ እስኪጀምር ቀንሱበት፤ ለጥቂት ሳምንት እንዲህ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን በደንብ አጠጡት። ሳምንት ወይም ዐሥር ቀን ጠብቁ። አበባው ከሦስት ቀን በላይ ስለማይቆይ፣ ውሃውን የምታጠጡበትን ቀን ስትመርጡ እንግዳ የምትጠሩበትን ቅዳሜም አስቡበት።